በቁማቸው የመጣ መርዶ፦ የአቶ ደረሰ ይልማ ዜና ሕይወት

መርዶው ሐዋሳ፣ ታቦር ሰፈር ካለው ቤታቸው የደረሰ ዕለት አቶ ደረሰ ይልማ በሕይወት ነበሩ። ማክሰኞ ጠዋት ነበር፤ ባለቤታቸው ወይዘሮ ሙሉ ወደሚያስተምሩበት ትምህርት ቤት ለመሄድ ባጃጅ ውስጥ ገብተው እንደ ተቀመጡ ስልካቸው ጠራ። የደወሉት፣ አቶ ደረሰ በታሰሩበት የሩቅ ምሥራቅ አገር የሚኖሩትና በፍርድ ቤት ሲያስተረጉሙላቸው የቆዩት ወይዘሮ ፀደይ ነበሩ። የመጨረሻው የምሕረት ጥያቄ ውድቅ መደረጉን፣ የሞት ፍርዱም በዚያው ሳምንት ዓርብ ጎህ ሲቀድ እንደሚፈጸም እያለቀሱ ነገሯቸው። ባለ ባጃጁ ሁኔታቸውን አይቶ «እትዬ፣ ወደ ቤት ልመልስዎት?» ቢላቸው፣ «የለም፣ ተማሪዎቼ ፈተና አለባቸው» ብለው ሄዱ፤ ያን ዕለትም አስተምረው ዋሉ።

በእኛ ዘንድ መርዶ የሚነገረው ሰው ከሞተ በኋላ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ቀድሞ፣ በማለዳ በር ተንኳኩቶ ነው። ገና እየበላና እየጠጣ ላለ ሰው የመጣ መርዶ እንዴት እንደሚያዝ ግን የሚያውቅ አልተገኘም። ወይዘሮ ሙሉ ለአቶ ደረሰ ታላቅ ወንድም ለጋሼ ሰይፈሚካኤል ቢነግሯቸው፣ «ሙልዬ፣ ሰው በቁሙ አይለቀስም፤ እግዚአብሔር ያለው አይታወቅም» አሏቸው። ጎረቤትም «አታሟርቺበት» አለ። የዕድሩ ዳኛ ደግሞ አንገታቸውን ደፍተው፣ ላልሞተ ሰው ድንኳን መትከል ደንቡ እንደማይፈቅድ አስረዱ። ሁሉም እውነታቸውን ነበር። ስለዚህ በዚያ ሳምንት ኀዘኑ በቤቱ ውስጥ ያለ ድንኳን፣ ያለ ለቅሶ፣ እራት እየቀረበ፣ የልጆች የቤት ሥራ እየታየ ተቀመጠ።

አቶ ደረሰ ከአባታቸው ከመምህር ይልማ ገብረሕይወትና ከእናታቸው ከነፍስ ኄር ወይዘሮ የሺመቤት በ1973 ዓ.ም. በዚሁ በሐዋሳ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ከሸዋ ለማስተማር ተመድበው መጥተው፣ አየሩም ሕዝቡም ተስማምቷቸው በዚያው የቀሩ ሰው ነበሩ። አቶ ደረሰ የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በከተማችን ካጠናቀቁ በኋላ፣ አባታቸው መምህር እንዲሆኑላቸው ቢመኙም እርሳቸው በልጅነታቸው የቤቱን ሬዲዮ ፈተው መግጠም አቅቷቸው የደረሰባቸውን ቁጣ ሊረሱት አልቻሉምና፣ የሙያ ትምህርት ቤት ገብተው የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ተማሩ።

ፒያሳ ላይ በከፈቷት ጠባብ ሱቅ ሬዲዮ፣ ቴሌቪዥን፣ በኋላም የእጅ ስልክ ሲጠግኑ የከተማው ሰው አወቃቸው። ቀልደኛ ነበሩ። አንዲት አሮጊት ከአንድ ክረምት ወደ ሌላው የሚያመላልሱትን ቴሌቪዥን ይዘው ሲመጡ፣ «እማማ፣ ይሄ ቴሌቪዥን እኔንም እርስዎንም ቀብሮ ነው የሚሄደው» ይሏቸው ነበር። ከባለቤታቸው ጋር የተዋወቁትም በዚያችው ሱቅ ነው። ወይዘሮ ሙሉ የትምህርት ቤቱን የሰልፍ ድምፅ ማጉያ ለጥገና ቢያመጡ «ነገ ይመለሱ» እየተባሉ ሲመላለሱ ሰነበቱና፣ በመጨረሻ ተቆጥተው «ሥራውን የማይችሉ ከሆነ ይንገሩኝ!» አሏቸው። አቶ ደረሰም «ከተሠራ ቆይቷል፤ እርስዎ እንዳይቀሩብኝ ብዬ ነው» ብለው መለሱ። በ2000 ዓ.ም. በሥርዓተ ተክሊል ተጋቡ፤ ዮርዳኖስን ወለዱ፤ ኪሩቤል ደግሞ አባቱ ከአገር ሲወጡ ገና በእናቱ ማሕፀን ነበር።

በ2009 ዓ.ም. አንድ በንግድ የሚያውቋቸው ሰው፣ የስልክ መለዋወጫ ከምንጩ ገዝተው እንዲመጡ የአውሮፕላን ቲኬታቸውን እንደሚችሉላቸው፣ በምላሹም አንድ ሻንጣ ለወዳጃቸው እንዲያደርሱላቸው ጠየቋቸው። መንገደኛ የሰው አደራ ይዞ መሄዱ በአገራችን የተለመደ ነው፤ እምቢ ያለ ሰውም ክፉ ይባላል። ነገር ግን ይህን ጽሑፍ ከጻፍን አይቀር እውነቱን እንጽፋለን። ሻንጣው ድርብ ወለል እንዳለው አቶ ደረሰ አውቀዋል፤ ዕቃ ፈትቶ በመግጠም የኖረ እጅ ይህን አይስትም። ውስጡ ከቀረጥ የተሸሸገ ወርቅ ነው ተብለው ነበር፤ እርሳቸውም አመኑ፣ ወይም ማመን ፈለጉ። ከፍቶ ማየት የሚችል እጅ ይዘው ሳይከፍቱት ሄዱ። ይህ ጥፋት መሆኑን በፍርድ ቤትም ለባለቤታቸውም አልካዱም። በደረሱበት አገር አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ሻንጣው ሲቀደድ የወጣው አደንዛዥ ዕፅ ነበር።

በዚያ አገር ሕግ የዕፁ ክብደት ከተወሰነው ልክ ካለፈ ቅጣቱ ሞት ብቻ ነው። ተሸካሚው ማን እንደ ሆነ፣ ምን እንደ መሰለው፣ ከዚያ በፊት ምን እንዳጠፋ፣ ማን እንደ ላከው ተጠይቆ ቅጣት አይቀነስለትም። ወይዘሮ ፀደይ እንደ ነገሩን፣ ዳኛው ፍርዱን ሲያነቡ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ ነበር፤ ሌላ ቅጣት እንዲመርጡ ሕጉ ሥልጣን እንዳልሰጣቸውም ተናግረዋል። ሻንጣውን የሰጡት ሰው ከዚያን ዕለት ወዲህ ሐዋሳ ውስጥ አልታዩም። በሚዛን ላይ የወጣው ሻንጣው ነው፤ የተሰቀሉት ግን የሁለት ልጆች አባት ናቸው።

በእስር በቆዩባቸው ዓመታት ስልክ በተፈቀደላቸው ቁጥር ይደውሉ ነበር። ኪሩቤል አባቱን የሚያውቀው በድምፃቸው ብቻ ነው። አባታቸው መምህር ይልማ ሲጠይቁ፣ ቤተሰቡ ለጤናቸው ሰግቶ «ንግዱ ቀንቶት ቆየ» ይላቸው ስለ ነበር፣ በ2013 ዓ.ም. ያረፉት «እኔን ሳይቀብር ንግድ!» ብለው በልጃቸው እንደ ተቀየሙ ነው። አቶ ደረሰ ይህን በሰሙ ጊዜ ከራሳቸው ፍርድ ይልቅ እንደ ከበዳቸው ለባለቤታቸው ነግረዋቸዋል።

ሐሙስ ዕለት ለመጨረሻ ጊዜ ደወሉ። ለኪሩቤል «የወለቀውን ጥርስህን ጣሪያ ላይ ወረወርከው?» አሉት፤ «ወርውሬ ጎረቤት ጣሪያ ላይ ወደቀ» ቢላቸው ሳቁ። ዮርዳኖስ ስልኩን ይዛ መናገር ባቃታት ጊዜ «ግድ የለም የኔ ልጅ፣ ዝም ብለሽ ተንፍሺ፣ እሰማሻለሁ» አሏት። ለባለቤታቸው ደግሞ እንዲህ አሉ፦ «ሙሌ፣ በሕመም ሞተ ብላችሁ እንዳታስነብቡ። ልጆቹ ሲያድጉ ምን ሕመም ነበር ይባላሉ፣ ሌላ ውሸት ይፈጥራሉ። ለአባዬ የዋሸነው ይበቃል።» ዓርብ ጠዋት ወይዘሮ ፀደይ ደውለው መፈጸሙን ነገሩን። የእኅት ቤተ ክርስቲያን ካህን የሆኑ አንድ ሕንዳዊ አባት ወህኒ ቤት ድረስ ሄደው ንስሐቸውን እንደ ተቀበሏቸውና እንዳቆረቧቸው፣ በዚያ የሚኖሩ ጥቂት ወገኖቻችንም አስከሬናቸውን በክብር እንዳሳረፉላቸው ተረድተናል።

ድንኳኑ ሲተከል ጋሼ ሰይፈሚካኤል ለወይዘሮ ሙሉ ምክር ሰጡ። «ባደረባቸው ድንገተኛ ሕመም ብለሽ ጻፊው። ዮርዳኖስ ነገ ትዳር የምትይዝ ልጅ ናት፤ የአባቷ ነገር በየደጁ ይወራ?» አሏቸው። ምክራቸው ከፍቅር የመነጨ እንጂ ከሌላ አልነበረም። ወይዘሮ ሙሉም «ጋሼ፣ የሚያነቡት እርስዎ ነዎት፤ ከከበደዎት ዘለው ማንበብ ይችላሉ። እኔ ግን ያላመመውን ሰው ታመመ ብዬ አልጽፍም» ብለው ወረቀቱን ሰጧቸው። እንግዲህ ይህ አንቀጽ ከጆሯችሁ ከደረሰ፣ ጋሼ ሰይፈሚካኤል ሳይዘሉት አንብበውታል ማለት ነው፤ ወይዘሮ ሙሉና ልጆቻቸውም በእናንተ ፊት ቆመው እጅ ይነሷቸዋል።

አቶ ደረሰ ይልማ በሕመም አልሞቱም። በተወለዱ በአርባ አምስት ዓመታቸው፣ በ2018 ዓ.ም.፣ በሰው አገር ሕግ፣ በስቅላት ሞቱ። አጥፍተዋል፤ ጥፋታቸው ግን ዕድሜያቸውን ሁሉ አይሸፍነውም። በዚህ ድንኳን ውስጥ እርሳቸው የጠገኑት ሬዲዮ በቤቱ እየተናገረለት ያለ ሰው ብዙ ነው።

አቶ ደረሰ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ሙሉን፣ ሴት ልጃቸውን ዮርዳኖስን፣ ወንድ ልጃቸውን ኪሩቤልን፣ ታላቅ ወንድማቸውን አቶ ሰይፈሚካኤልን፣ እንዲሁም እናንተን ጎረቤቶቻቸውንና ወዳጆቻቸውን ትተው አልፈዋል። አስከሬናቸው በፊታችን ባይኖርም መጥታችሁ ከቤተሰቡ ጋር ስለ ተቀመጣችሁ እግዚአብሔር ብድራችሁን ይክፈልልን። በየእስር ቤቱ ቀናቸውን ለሚጠብቁ፣ በቤታቸውም ስማቸው በሹክሹክታ ለሚጠራ ሁሉ አምላክ ይድረስላቸው።

የክርስትና ስማቸው ገብረ መድኅን ነው። ፍትሐት ላይ በዚህ ስም ይጠራሉና፣ ማታ ስትጸልዩ እናንተም በዚሁ ስም አስቧቸው፤ ምን እንደ ሆኑ ሰምታችኋልና ምንም ሳትደብቁ ለምኑላቸው። ሰውን በተሸከመው ክብደት ብቻ የማይመዝን፣ ዳኛ ሆኖም «ምሕረት ማድረግ አልችልም» የማይል አምላክ ነፍሳቸውን በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ያሳርፍልን። አሜን በሉላቸው።