ቡና ተብሎ የተጻፈበት ጆንያ

— ሄሎ! ... ሄሎ፣ ኖህ? ... አዎ፣ እናትህ ነኝ፤ ሌላ ማን ያነሳዋል? ... ቆይ፣ ድምፅህ ይቆራረጣል፣ ወደ በሩ ልጠጋ። ... አሁንስ ትሰማኛለህ? ... እሺ። አጋሮ ደረስክ?

— ሐጂ ሬድዋን መጋዘን ነህ። እሺ። ... ታዲያ ጆንያዎቹን ተረከቡህ?

— አንረከብም አሉ? እንዴት ተደርጎ! ከአያትህ ጀምሮ ከእኛ ሌላ የማንንም ጆንያ ነክተው የማያውቁ ሰው!

— ቀስ በል፣ ከመጀመሪያው ንገረኝ። ... ባለፈው ያስረከብናቸው ጆንያዎች... እሺ... ቡናቸውን ሞልተው ላኩ... እሺ... የሚቀምሱት ሰዎች ምን አሉ? ... መድኃኒት ይሸታል? የምን መድኃኒት? ... የአረም መድኃኒት! ጌታ ሆይ! ... ጭነቱ ሁሉ ተመለሰ?

— እናንተ፣ ያን ቆርቆሮ አትደብድቡት፤ አልሰማም! ... አንቺን አይደለም ዘይቡ፣ አንቺ ስፌትሽን ስፊ።

— ቀጥል ልጄ። ... አራት ጆንያ ብቻ? አራትማ ይበቃል። ቡና እኮ የጎረቤቱን ሽታ ይስባል።

— ምን ብለህ ነገርካቸው? ... ዘይቡ ናት አልክ? ... የምታሸተው ዘይቡ ናት፣ ያሳለፈችውም ዘይቡ ናት አልካቸው?

— ... ምንም አይደለም ዘይቡ። ኦብሲ፣ ታገሺኝ፣ ልጁን ልስማው።

— እና ሐጂ ምን አሉ? ... "እሷን ካባረራችሁ እንቀጥላለን።" ... ዛሬውኑ። ... አንተስ? ... እሺ አልክ!

— ኖህ፣ ስማኝ። ይሄ ቤት በምን እንደቆመ ረሳኸው? አያትህ ከሆሳዕና በእግሩ መጥቶ ቡና ሲለቅም፣ አንድ የዚሁ ከተማ መርካቶ ነጋዴ የመጋዘኑን ወለል አስጠርጎት በደመወዝ ፈንታ የተቀዳደደ ጆንያ ሰጠው። እሱን ሰፍቶ ሸጠ። ጆንያ የሚሰፋ ሰው መች ጠፋ? እሱን የፈለጉት ለአፍንጫው ነው! ጆንያው ገና ሳይታጠብ፣ ራሱን ውስጡ ከትቶ ያሸት ነበር። ናፍጣም ይሁን መድኃኒት ከሸተተው፣ ያ ጆንያ ለከሰል እንጂ ለቡና አይሰጥም። ... አውቃለሁ፣ ታውቀዋለህ። አባትህ ፕላስቲኩንና ብረታ ብረቱን ጨመረበት፣ አንተንም በትምህርት ቤት "የቆራሌው ልጅ" አሉህ። ግን አያትህ አፍንጫውን ያስተማረው አባትህን አይደለም፤ ዘይቡን ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ መጥፎ ጆንያ አላሳለፈችም።

— ቆይ፣ አታቋርጠኝ፣ ወደ ነገሩ እየመጣሁ ነው። ... እኔ ነኝ።

— እኔ ነኝ ያሳለፍኩት። ... አዎ፣ እናትህ። ከግንቦት ወዲህ የምለየው እኔ ነኝ። አንተ መንገድ ላይ ስለሆንክ አታውቅም። ... ፊደል ከቆጠርኩ በኋላ ነዋ። ደስ ብሎኝ ነበር ልጄ፤ በሃምሳ ሁለት ዓመቴ የመንገዱን ታፔላ ሁሉ ሳነብ እውላለሁ። ጆንያው "ቡና" ይላል፤ አነበብኩት፣ ወደ ደህናው ክምር ወረወርኩት። ዘይቡ "ላሽተው" ስትለኝ "ተጽፎበታል እኮ፣ አንቺ እረፊ" አልኳት። "ጽሑፍ ይሸታል እንዴ?" ብላ ሳቀችብኝ። እኔም ሳቅኩ። ... ገበሬው ቡናውን ሸጦ ሲያበቃ መድኃኒት ቢያስቀምጥበት፣ ጽሑፉ መች ይለወጣል! ... ከዚያማ በሳሙና ታጠበ። ከታጠበ በኋላ ለዘይቡም አይሸታትም፤ መጋዘን ገብቶ ሲሞቅ ነው የሚወጣው።

— ዝም በይ ትለኛለህ? ... እንጀራችን እንደሆነ አውቃለሁ። ... አውቃለሁ፣ እህትህ ታቢታም ገና ትምህርቷን አልጨረሰችም። ... ዘይቡስ? በስልሳ ዓመቷ፣ አፍንጫዋ ሞተ ተብሎ ከወጣች ማን ያስጠጋታል?

— ሐጂን አገናኘኝ። ... አገናኘኝ አልኩህ!

— አሰላሙ አለይኩም ሐጂ። ተስፋነሽ ነኝ፣ የሟቹ የዕንባቆም ሚስት። ... ይመስገን፣ እርስዎስ? ... ሐጂ፣ ልጁ ሳያውቅ ነው የተናገረው። ዘይቡ አይደለችም፣ እኔ ነኝ። ... አላሸተትኩትም። አንብቤ ነው። ... አዎ፣ አንብቤ። ... ይሳቁብኝ፣ ይገባኛል። ... እሷ ወደ ቦታዋ ትመለስ፣ እኔ ሁለተኛ እጄን አላስገባም... እሺ። ... እሺ። ... እውነትዎን ነው፤ የቤቱ ባለቤት ራሷ ካሳለፈች ማን ይባረራል። ... ከእንግዲህ ከአዲስ አበባ አዲስ ጆንያ ያስመጣሉ። ... ለጌራዎቹ ቡና ነጋዴዎችም ነገሯቸው? ለሊሙዎቹም? ... አልቀየምዎትም ሐጂ። ምን ብዬ እቀየማለሁ።

— ኖህ? አንተ ነህ? ... አዎ፣ እኔው ነኝ ቤታችንን ያፈረስኩት። ... አትጩኽ፣ ሰው መሃል ነህ። ... የጫንከውን ይዘህ ተመለስ። ... ሌላ ቦታ አትልፋ፣ ሁሉም ሰምቷል።

— ዘይቡ፣ ነይ ይልቅ... ዘይቡ? ... ቆይ ኖህ፣ እዚሁ ነበረች። ... ፈሂማ! ፕላስቲኩን ተዪውና ስሚኝ፣ ዘይቡ የት ሄደች? ... ምን ብላሽ?

— ሄዳለች ልጄ። ... ሰምታለቻ! አንተ ያልከውን እየደገምኩ እኔው አሰማኋት። ... አይ፣ ለሐጂ የተናገርኩትን አልጠበቀችም። ፈሂማን "ጀርባዬ ላይ ያደገ ልጅ ነው ስሜን የሰጣቸው" ብላት ወጣች። ... አታልቅስ። ... ስልክ የላትም፣ በምን ትደውልላታለህ? ... አንተ አጋሮ ሆነህ ምን ታደርጋለህ? ... ዝጋው። ዝጋው ልጄ፣ መንገድ ላይ ልድረስባት።