የጋሽ ሸምሱ ቢላዋ

እኔ እዚህ ጣጣ ውስጥ የገባሁት መርካቶ ባለው የጫማ ፋብሪካችን የጃፓኖቹን የብክነት መቀነሻ ዘዴ፣ ካይዘንን፣ አስጀምሪ ተብዬ ነው። ብክነት ስፈልግ፣ ቆዳ ቆራጩ ጋሽ ሸምሱ ከሁሉም ይበልጥ ቁራጭ እንደሚያስተርፉ አየሁ። "ጋሼ፣ ቁራጩን ምነው እንዲህ አሰፉት?" አልኳቸው። ሳቁ። "ቀጭን ቁራጭማ ለዘነበች ምን ይረባታል?" ዘነበች ቅዳሜ ቅዳሜ ጆንያዋን ይዛ በራችን ላይ የምትቆም፣ ከቁራጩ የቁልፍ መያዣ እየሠራች ልጆቿን የምታሳድግ ሴት ናት።

"ይሄ እኮ ብክነት ነው!"

"ብክነትማ የሚጣል ነው፣ ልጄ። ይሄ መቼ ተጥሎ ያውቃል?"

ይሄኔ የፋብሪካው ባለቤት ከኋላዬ መጡ። "ቆዳዬ ለምንድነው እንዲህ የሚባክነው?" ጋሽ ሸምሱ ቢላዋቸውን አስቀምጠው ወደ እኔ ዞሩ። እውነቱን ብናገር የዘነበች እንጀራ አበቃ፤ ብዋሽ ደግሞ የማታልለው አምኖ የቀጠረኝን ሰው ነው። "ቢላዋው ደንዞ ነው" አልኩና አረፍኩት።

በማግስቱ ባለቤቱ ምላጭ የመሰለ አዲስ ቢላዋ ገዝተው በእጄ ሰጡኝ። ወስጄ ለጋሽ ሸምሱ አቀበልኳቸው። ስለቱን በአውራ ጣታቸው ዳሰስ አደረጉና ቀና አሉ።

"ነገ ቅዳሜ ነው። አሁንስ ምን ልትይ ነው?"