በፈረሰኛ አገር እግረኛ ያሠለጠኑት መምህር ሽባባው ደርበው

የተከበራችሁ ካህናት፣ አባቶችና እናቶች፣ ከአዘና፣ ከግምጃ ቤትና ከጫግኒ ድረስ የመጣችሁ ወዳጅ ዘመዶች፤ ዛሬ የምንሰናበታቸው ሰው ረጅም ንግግር አይወድዱም ነበር። ይሁንና ዕድሜያቸውን በሙሉ ያሠለጠኑት ረጅም ርቀት ስለሆነ፣ ታሪካቸው ጥቂት ቢረዝም ይቅር ይላሉ ብለን እናምናለን።

መምህር ሽባባው ደርበው ከአባታቸው ከአቶ ደርበው ዘለቀና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሸጋ ተሰማ በ1910 ዓ.ም. በአገው ምድር አውራጃ በግምጃ ቤት አቅራቢያ ተወለዱ። አባታቸው ስመ ጥር ፈረሰኛ ስለነበሩ፣ ልጃቸው ገና በእግራቸው ጸንተው ሳይቆሙ ኮርቻ ላይ እንደ ወጡ ይነገራል፤ ከኮርቻው የወረዱት ግን በራሳቸው ፈቃድ ሳይሆን በፈረሱ ውሳኔ ነበር። በልጅነታቸው ከጋላቢ ፈረስ ወድቀው ዳሌያቸው በመሰበሩ፣ ወጌሻው የሚቻለውን ሁሉ ቢያደርግም፣ ቀኝ እግራቸው ከግራው ጥቂት ዘግይቶ ሲከተላቸው ኖረ። አባታቸውም አዝነው፣ «እንግዲህ ለፈረስ ካልሆነ ለመጽሐፍ ይሁን» በማለት ለየኔታ ሰጧቸው።

ከፊደል እስከ ዳዊት ከተማሩ በኋላ ዜማ እንደ ጀመሩ ጠላት አገራችንን ስለ ወረረ ትምህርታቸው ተቋረጠ። ነጻነት ሲመለስ ወደ ደብረ ማርቆስ ሄደው፣ ጢማቸው አድጎ ሳለ ከሕፃናት ጋር በአንድ አግዳሚ ወንበር ተቀምጠው ዘመናዊ ትምህርት ተማሩ። መምህራቸው የእርሳቸው ታናሽ ስለነበሩ ማን ለማን ከመቀመጫው ይነሣ የሚለው ነገር ክፍሉን ለጥቂት ጊዜ አስቸግሮ እንደ ነበር ራሳቸው ይተርኩ ነበር። ከዚያም በአዲስ አበባ የመምህርነት ሥልጠና ወስደው፣ በግምጃ ቤትና በጫግኒ ሒሳብ ካስተማሩ በኋላ፣ በ1948 ዓ.ም. በዳንግላ ወደ ተከፈተችው ትንሽ የመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ተዛወሩ። በዚህ መካከል በ1940 ዓ.ም. ወይዘሮ ወርቅአየሁ ካሣን አግብተው ሦስት ልጆች አፍርተዋል።

በኮሌጁ የሩጫ ቡድን አሠልጣኝ የሆኑት ስፖርት ያውቃሉ ተብሎ ሳይሆን፣ ሥራ በተከፋፈለበት ስብሰባ ላይ ስላልተገኙ ነው። አንድም ቀን ሮጠው የማያውቁ ሰው ሯጮችን ሲረከቡ ባልደረቦቻቸው ሳቁ። እርሳቸው ግን ሹመቱን ሳያጉረመርሙ ተቀብለው፣ ስለ ሩጫ የሚያውቁት ነገር ባይኖርም ስለ ፈረስ የሚያውቁት ብዙ መሆኑን ተናገሩ። ተማሪዎቹን እንደ ፈረስ ገብስ አበሏቸው፤ ሮጠው ሲመለሱም ላባቸው ሳይደርቅ እንዳይቀመጡ ከለከሏቸው። ዳገቱን ሲወጡ ራሳቸው በአንዲት ቀሰስተኛ በቅሎ ተቀምጠው ይከተሏቸው ነበር። ልጆቹ በዚህ አያያዝ እየፈጠኑ ሲሄዱ ግን ማንም ያልጠበቀው ችግር መጣ።

የቡድኑ ፈጣን ሯጭ ምህረቴ፣ የታወቁት ፈረሰኛ የግራዝማች ስማቸው ልጅ ነበር። ግራዝማች አንድ የገበያ ቀን ወደ ዳንግላ ሲገቡ፣ ልጃቸው በቁምጣ ሆኖ ሕዝቡን እየሰነጠቀ ሲበር አዩና ፈረሳቸውን አቁመው፣ «ማነው የሚያባርረው?» ብለው ጠየቁ። ማንም እንደማያባርረው ሲነገራቸው የባሰ ደነገጡ። «ታዲያ ፈረሱ ሞቶበት ነው?» አሉ። በእኛ አገር የፈረሰኛ ልጅ በሰው ፊት በእግሩ ቢሮጥ ወይ ሸሽቷል፣ ወይ ተዘርፏል፤ ሦስተኛ ምክንያት አይታወቅም ነበር። ልጃቸውን በዚያው ዕለት ወደ ቤት ወሰዱት። ሌሎች አባቶችም ልጆቻቸውን ከሩጫው አስወጡ፤ በሳምንቱ መጨረሻ ሜዳው ላይ የቀሩት ውቤ የሚባል የሙት ልጅና የጨርቅ ነጋዴው የአቶ ሸዕባን ልጅ ሐሰን ብቻ ነበሩ። አቶ ሸዕባን ልጃቸውን ያልከለከሉት፣ «ሱቅ ላይ ተቀምጦ ደንበኛ ከሚያሰለች ይሩጥ» ብለው ነው። የኮሌጁ ኃላፊም ቡድኑ በዚሁ ከቀጠለ እንደሚዘጋ አስታወቁ።

መምህር ሽባባው በበቅሎዋ ተቀምጠው ወደ ግራዝማች ቤት ሄዱ። ከብዙ ክርክር በኋላ ግራዝማች፣ «ሰው ከፈረስ ከቀደመ ሩጫ ክብር ነው እላለሁ፤ ካልቀደመ ግን ይህን ነገር ተወው፤ ዳግመኛም የሰው ልጅ እንዳታስሮጥ» አሏቸው። መምህርም ተስማሙ። ግራዝማች ቀኑን የጥር ጊዮርጊስ ዕለት አደረጉት፤ መንገዱንም ከአዲስ ቅዳም እስከ እንጅባራ ባለው ትልቁ ጎዳና መረጡ፤ ይህም በበዓሉ ሰው የማይበዛበት ጭር ያለ አቋራጭ እያለ ነው። ምክንያታቸውንም ሲያስረዱ፣ «ሽንፈታችሁን አገር ይየው» አሉ። ልጃቸው ምህረቴም ለእግረኞቹ ወገን እንዲሮጥ ራሳቸው አዘዙ፤ «ትምህርቱን ከቤቴ ይጀምር» ብለው። መምህር ሽባባው የተናገሩት ቃል፣ «እንዳሉ ይሁን» የሚል ብቻ ነበር።

ይህን ያሉት በከንቱ አይደለም። በዚያ ጎዳና ሯጮቻቸውን በበቅሎ ሲከተሉ፣ በየቤተ ክርስቲያኑ ደጅና በየሽማግሌዎቹ መቀመጫ ሁሉ ከነተሰበረ ዳሌያቸው ሲወርዱና ሲወጡ ዓመታት አሳልፈዋል። በፈረስ ወይም በበቅሎ የተቀመጠ ሰው በታላላቆች ፊት ሳይወርድ አያልፍም፤ ወርዶም ዝም ብሎ አይሄድም፤ ስለ ልጅ፣ ስለ ከብት፣ ስለ አዝመራ ይጠየቃል፤ ይመልሳል፤ መልሶ ይጠይቃል። እግረኛ ግን ጎንበስ ብሎ እጅ ነሥቶ ያልፋል። ስለዚህ እስከ በዓሉ ድረስ ለሦስቱ ልጆች የሰጡት ልምምድ አንድ ብቻ ሆነ፤ ፍጥነታቸውን ሳይቀንሱ ጎንበስ ማለት። በሜዳው ላይ እጅ የሚነሡት ሌላ ሰው ስላልነበረ ላሞቹን እጅ እየነሡ ሲሮጡ ያየ የዳንግላ ሰው ሁሉ፣ መምህሩ ሯጮቻቸው ስለ ተወሰዱባቸው ከሐዘን ብዛት አእምሯቸው እንደ ተነካ አወራ።

በጥር 23 ቀን 1954 ዓ.ም. ማለዳ ግራዝማችን ጨምሮ ሦስት ፈረሰኞችና ሦስቱ እግረኞች ከአዲስ ቅዳም ተነሡ። ፈረሶቹ ወዲያው በአቧራ ተሰወሩ። ከዳር የቆመው ሕዝብ በአማርኛም በአገውኛም በልጆቹ ላይ ያሾፍ ጀመር፤ «ፈረሳችሁን ማን ሰረቃችሁ?» የሚል ነበር፤ «እናንተ፣ ግራዝማች ደርሰው ምሳ በልተዋል!» የሚል ነበር። ልጆቹ ግን የመጀመሪያውን ቤተ ክርስቲያን እጅ ነሥተው ሲያልፉ ፈረሰኞቹን ኮርቻ ላይ ሲወጡ አገኟቸው። ፈረሶቹ እንደገና ቀደሙ። ከአንድ የኮሶ ዛፍ ሥር ሽማግሌዎች ተቀምጠው ነበርና፣ ልጆቹ እዚያ ሲደርሱ ግራዝማች ልጓም ይዘው ቆመው ስለ ወለደች ላማቸው እየተጠየቁ ነበር፤ በዓይናቸው ልጆቹን ይከተሉ ነበር፤ በአፋቸው ግን «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጥጃዋም ደኅና ናት» ይሉ ነበር። ይህን ያየው ሕዝብ ነገሩ ገባው። ከዚያ በኋላ የሚያሾፍ ጠፋ፤ ጎዳናው በእልልታና በሆታ ተናወጠ፤ ሴቶች ነጠላቸውን እያውለበለቡ፣ ወንዶች ከልጆቹ ጎን እየሮጡ፣ አንዱ ለእግረኛው ሌላው ለፈረሱ ይጮህ ጀመር።

ከእንጅባራ በፊት ባለው ደብር ታቦት ወጥቶ ስለነበር ፈረሰኛውም እግረኛውም እኩል ቆሙ። ሐሰንም ከጓደኞቹ ጎን ራሱን ዝቅ አድርጎ ቆመ። በዚያ ሥፍራ አባትና ልጅ ጎን ለጎን ሆኑ፤ ልጁ በላብ ርሷል፣ የጥር ነፋስም ይነፍሳል። ግራዝማች ወደ ልጃቸው ሳይመለከቱ ጋቢያቸውን አውልቀው ትከሻው ላይ ጣሉበትና፣ «ላብህ እንዲህ ሆኖ አትቁም፤ ይይዝሃል» አሉት። ምህረቴም፣ «እሺ አባባ» ብሎ ጋቢውን ተከናነበ። ታቦቱ ሲገባ ጋቢውን አጥፎ በአባቱ ኮርቻ ላይ አኖረና ሮጠ።

የመጨረሻው መንገድ ሜዳማ ስለነበር የግራዝማች ፈረስ ደርሶ ምህረቴን አለፈው። ውቤና ሐሰን ወደ ኋላ ቀሩ፤ ሌሎቹ ሁለት ፈረሰኞችም ገና ከደብሩ ሽማግሌዎች ጋር ሰላምታ ላይ ነበሩ። መምህር ሽባባው ከዋዜማው ጀምሮ እንጅባራ ሆነው ይጠብቁ ነበር፤ የግራዝማች ፈረስ ብቻውን ብቅ ሲል ባዩ ጊዜ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ግራዝማች ለመድረስ ጥቂት ብቻ ቀርቷቸው ነበር። ነገር ግን የሩጫው መጨረሻ በሆነው በጉግሱ ሜዳ መግቢያ ላይ የአገሩ ሽማግሌዎች ተደርድረው ተቀምጠዋል። ፈረሰኞች ወዳጆቻቸው፣ «ይለፉ ግራዝማች! ዛሬስ አይውረዱ!» ብለው ጮኹ። ሽማግሌዎቹም ራሳቸው በእጃቸው እለፍ እለፍ አሏቸው። ግራዝማች ልጓሙን ሳቡና ወረዱ። ቆባቸውን አውልቀው፣ የሽማግሌዎቹን ጉልበት በየተራ ሊስሙ ጎንበስ እንዳሉ፣ ምህረቴ እየሮጠ እጅ ነሥቶ በአጠገባቸው አለፈና ሜዳው ውስጥ ገባ።

የዚያን ዕለት ጩኸት የሰማ ሰው እስከ ዛሬ ጆሮው ይጮኻል። ፈረሰኞቹ «ይህ ማሸነፍ አይደለም» ብለው ተከራከሩ፤ መምህር ሽባባው ተንኮል ሠርተዋል ያሉም ነበሩ። ክርክሩን የቆረጡት ግራዝማች ናቸው፤ «ፈረሴ ይፈጥናል፤ ልጄ ግን ቀድሞኝ ገብቷል። ነገ ወደ ሩጫው ይመለስ» አሉ። በሳምንቱ የዳንግላ ሜዳ በልጆች ስለ ተሞላ ላሞቹ ሌላ ግጦሽ ተፈለገላቸው። ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታት መምህር ሽባባው በጠቅላይ ግዛቱ ውድድር ደጋግመው ያሸነፉ ሯጮችን አፍርተዋል፤ ምህረቴም ዛሬ በጫግኒ መምህርና የሯጮች አሠልጣኝ ነው።

መምህር ሽባባው ባለፈው ዓመት በኩላሊት ሕመም ተይዘው፣ በሐኪምም በጠበልም ሲረዱ ቆይተው፣ በኅዳር ወር 1961 ዓ.ም. በተወለዱ በ51 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። እንደ አገራችን ልማድ የታላቅ ሰው መርዶ በፈረስ ስለሚላክ፣ ግራዝማች ስማቸው ትናንት ማለዳ ሦስት ፈረሶች አስጭነው ወደ ለቅሶው ቤት መጡ። የኮሌጁ ሯጮች ግን በደጁ ቆመው፣ መርዶውን እኛ እናድርስ ብለው ለመኗቸው። ግራዝማች ኮርቻዎቹ እንዲወርዱ አዘዙና፣ «ሂዱ ልጆቼ፤ የመምህሩን ሞት በክብር ንገሩ» አሏቸው። ከአዘና፣ ከግምጃ ቤትና ከጫግኒ የመጣችሁ ሁሉ፣ ትናንት ደጃችሁ ላይ ላብ በላብ ሆነው፣ ጎንበስ ብለው ይህን ሐዘን ያረዷችሁ እየተቀባበሉ የሮጡት እነዚህ ልጆች ናቸው።

መምህር ሽባባው ባለቤታቸውን ወይዘሮ ወርቅአየሁን፣ ልጆቻቸውን ዋጋዬን፣ አምሳለንና ማናለብሽን፣ አንድ የልጅ ልጅ፣ እንዲሁም በየትምህርት ቤቱ የሚያስተምሩና በየመንገዱ የሚሮጡ ብዙ ተማሪዎችን ትተው አልፈዋል። ቸሩ እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ድካም በሌለበት አገር ከደጋግ አባቶቻችን ጋር ያኑርልን፤ ለባለቤታቸውና ለልጆቻቸው መጽናናትን፣ በእግራቸው መርዶ ላደረሱት ልጆችም ረጅም ዕድሜን ይስጥልን። አሜን።