ቅቤ ላይ ያልያዘ ቀለም

እንዴት ዋልሽ፣ የኔነሽ? አይ፣ አትነሺ፤ እኔ እዚሁ ባንኮኒው አጠገብ እቀመጣለሁ፣ ከበሩ ራቅ ይላል። የዛሬው ንፋስ ለንፋስ መውጫም በዛ። ከመናኸሪያ እስከዚህ በባጃጅ መጣሁ፤ ሸራውን ሲያንገላታው ልንገለበጥ ነው እያልኩ ሾፌሩን ቀስ በል፣ ቀስ በል ስለው ሳቀብኝ። ይሳቅ። እስቲ ሻይ ቅጂልኝ፣ ስኳሩን ቀነስ አድርጊው።

ቤትሽ ሞቅ ብሏል። ደንበኛም አላጣሽም። ጥግ ላይ ያሉት ሰውዬ ባርኔጣቸውን እንዳደረጉ ሻያቸውን ይዘዋል… በዚህ ንፋስ ባርኔጣውን ያላወለቀ ሰው አይወቀስም። እንደምን ዋሉ ጌታዬ? …አልሰሙኝም መሰል። ይሁን፣ አትጥሪያቸው።

የመጣሁት ስለ እሁዱ ላነጋግርሽ ነበር። ሽማግሌዎቹ እሁድ እኔ ቤት እንደሚመጡ ልከውብኛል። አባትሽ ከሌለ የሚጠየቀው አጎትሽ ነው፤ ምን ብዬ እንደምመልስ ሳስብ ሰነበትኩ። ታውቂኛለሽ፣ ያላጣራሁት ነገር ከአፌ አይወጣም። አንቺ የጠየቅሽኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የሚያገባሽ ሰው ዕድሜው ስንት ነው? እሱ ሃምሳ ሁለት ብሎሻል። ሰው ስለ ራሱ ከሚያውቀው በላይ እኔ ምን አውቃለሁ? ስለዚህ ዕድሜውን እንተወውና ሌላ ወሬ እናውራ።

ለምሳሌ ስለ ፀጉር።

አንድ የማውቀው ሰው አለ። ስሙ ምን ያደርግልሻል… ብቻ እንደ እሱ ራሱን የሚጠብቅ ሰው በጋይንት አላየሁም። እኛማ ሰነፎች ነን፤ ሽበት ሲመጣ ግባ ብለን ቦታ እንለቅለታለን። እሱ ፋጡማ ሱቅ ሄዶ ሂና ጠየቀ። ለማን ነው ብትለው፣ ለእህቴ ነው አላት። ደግ ወንድም አይደለም? እህቱ ካረፈች ስንት ዘመኗ፤ እሱ ግን ዛሬም ፀጉሯን ያስብላታል።

ሂና ነጭ ፀጉር ላይ ምን እንደሚሆን ለአንቺ አልነግርሽም። ጥቁር ይሆናል የተባለው ብርቱካን ሆነ። ሌላ ሰው ቢሆን በምላጭ ተላጭቶ ይገላገል ነበር። እሱ ግን ተስፋ የሚቆርጥ ሰው ነው? ከደብረ ታቦር ቀለም የሚያስለቅቅ ዱቄት አስመጣ፤ ከላዩ የሚቀባ ጥቁር ቀለምም አብሮ። አሠራሩን ከስልኩ ላይ አየ አሉ። ስልኩ በምን ቋንቋ እንደሚያስተምር አላውቅም፤ እሱ በማየት ብቻ ገብቶታል።

በዚያው ሰሞን ለውቂያ በሬ ልዋሰው ሄድኩ። ከግድግዳው ሥር ፀሐይ ላይ ተቀምጧል፤ አናቱን በፌስታል አስሯል፣ መስታወት በእጁ ይዟል። ደነገጥኩ፤ እኔ ቶሎ እደነግጣለሁ። "ምን አገኘዎት?" ብለው፣ "ራሴን አሞኝ እየታጠንኩ ነው" አለኝ። በፌስታል። ሽታው ዓይኔን አስለቀሰኝ፤ በዚያ የሚያልፍ ሰው ሁሉ ለቅሶ የመጣሁ መስሎት ቆም እያለ ነፍስ ይማር ይለኝ ነበር።

ብልሃቱን ግን ስሚ። ዱቄቱ ቆዳዬን ያቃጥለኛል ብሎ አስቀድሞ አናቱን ለጋ ቅቤ ቀብቶታል። እኛ አገር ለአናት ከቅቤ ሌላ ምን መድኃኒት አለ? እኔም ብሆን እንደዚያው ነበር የማደርገው። ዱቄቱ ቅቤ ባልነካው በኩል ገባና ፀጉሩን ገለባ አስመሰለው፤ ቅቤው ባለበት በኩል ተንሸራቶ አለፈ፣ ብርቱካኑም በቦታው ቀረ። ከዚያ ፀጉሬ ደረቀ ብሎ እንደገና ቅቤ። በቅቤው ላይ ደግሞ ጥቁሩን ቀለም። ቀለሙ ቅቤው ላይ ተኛ እንጂ ፀጉሩን አልያዘም… ግን ላይ ላዩን ለሚያይ ማን ያውቅበታል?

ሻዩ ጥሩ ነው። ለእኚያ ጥግ ላሉት ሰውዬም በእኔ ስም አንድ ድገሚላቸው፤ የያዙት ቀዝቅዟል። አይ፣ ዞረሽ አትዪያቸው፣ እንግዳ ያፍራል። ስለ እሳቸው የማወራ እንዳይመስላቸው።

ምን እያልኩ ነበር? አዎ፣ ያለፈው እሁድ። እንዴት አምሮበት መጣ መሰለሽ። አዲስ ነጭ ጋቢ ለብሷል፣ ባርኔጣውን ከደጀ ሰላሙ አውልቆ ሲገባ አናቱ ጥቁር፣ ያበራል። ልጁ የመጣ መስሎኝ ስለ አባቱ ጤና ልጠይቀው ነበር። ቅዳሴው አለቀና ቄስ ገብረ ሚካኤል ጠበል ይረጩ ጀመር። እጃቸው እንደማይሰስት ታውቂያለሽ። ጠበሉ በግንባሩ ወረደ… ጠቁሮ። ከዚያ በጆሮው፣ ከዚያ በአንገቱ፣ ከዚያ ጋቢው ላይ። ከሥሩ ብርቱካኑ ብቅ፣ ገለባው ብቅ። ቄሱ የዋህ ናቸው፤ ክፉ መንፈስ እየለቀቀው መስሏቸው "ልቀቅ፣ ልቀቅ" እያሉ ሙሉ ማንቆርቆሪያውን ገለበጡበት። ሕዝቡም በየዋህነት እልል አለ። እኔ ከጎኑ ስለነበርኩ ነጠላዬን ሰብሰብ አደረግሁ። መጠንቀቅ ልማዴ ነው።

አትሳቂ እንጂ። ሰው እየሰማ።

እኔ አንዳንዴ፣ ነጭ ፀጉር ምን አጠፋ እላለሁ። አንቺ ባልሽን ክንዱን፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሽበቱን እያየሽ አገባሽው። ሲወድቅ አስታመምሽው፤ አገላብጠሽ አጥበሽ በክብር ቀበርሽው። እሱም አላታለለሽ፣ አንቺም አላማረርሽ። ከዚያ በኋላ ግን ምን አልሽኝ? "አጎቴ፣ ከእንግዲህ የማስታምመው አልፈልግም፤ ጉልበት ያለው፣ ይህን ቤት አብሮኝ የሚያቆም ሰው ካልመጣ ይቅርብኝ" አላልሽም? ሰው ነጭ ፀጉሩን ይዞ መጥቶ "ሸምግያለሁ፣ ብቸኝነቱ ከበደኝ" ቢልሽ፣ ልብሽን አውቀዋለሁ፣ ምናልባት ትራሪ ነበር። ቢያንስ መርጠሽ ነው። ሳታውቂ ግን ሌላ አልጋ ቁራኛ…

ወሬዬን አከበድኩት። የትናንቱን ልንገርሽና ልሂድ።

ትናንት ደምሌ ማሳ ላይ ደቦ ወጥተን ነበር። ከተበላ ከተጠጣ በኋላ የሚመርቀው በዕድሜ የሚበልጠው ነው፤ እኛን ስንት ዓመት የመረቀን ያው የማወራልሽ ሰው ነበር። ትናንት ጋኑ አጠገብ ቦታው ተለቆለት ሳለ አልተነሳም። በጣቱ ወደ እኔ ጠቆመና "ጋሼ ይመርቁን" አለ። ለእኔ። ትምህርት ቤት ስሄድ በክረምት ወንዙን በጀርባው አዝሎ ያሻገረኝ ሰው፣ ለእኔ ጋሼ። ያኔ ጢም ነበረው። አሁን በነገረን ዕድሜ ሂሳቡን ብሠራው፣ እኔን ያሻገረኝ ገና ሳይወለድ ነው። ሳይወለድ ልጅ አዝሎ ወንዝ የተሻገረ ሰው ሰምተሽ ታውቂያለሽ? እንዲህ ያለ ተአምር ለቄስ ገብረ ሚካኤል እንኳ ቢነገር ያስደነግጣቸዋል። ዕድሜ ልኬን አንቱ ስለው ኖሬ ዛሬ "እሱ" እያልኩ የማወራልሽ ለዚህ ነው። ታናሽ ልሁን ካለ ምን ላድርግ?

ሰውዬው ሊነሱ ነው መሰል… ይቀመጡ ጌታዬ፣ ንፋሱ ገና ነው። ወሬዬም አልቋል።

እና ለእሁዱ፣ የኔነሽ፣ ሽማግሌዎቹን ምን ልበላቸው? እንቢ በላቸው ካልሽኝ እላለሁ፤ እሺ በላቸው ካልሽኝም እላለሁ። ቤቱ ያንቺ፣ ጉልበቱም ያንቺ ነው። ምርቃቴን ግን እስከ እሁድ አላቆየውም፤ ታላቅነቱን እሱ ራሱ አንሥቶ ሰጥቶኛል፣ የታላቅ ምርቃት ደግሞ አይዘገይም። እጅሽን ወዲህ አምጪ።

እግዚአብሔር ሕፃኑን ከክፉ ዓይን ይጠብቅልሽ፣ ልጄ። ከኩፍኝ፣ ከትክትክ ይሰውርልሽ። አሳድጎ ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ።