በስመ አብ፣ እስከ አሜን

(ደሴ፣ ከሰዓት በኋላ፤ ሹሩባ ሠሪዋ አስናቁ የእናቷን የኦክስጅን ማሽን ቦርድ ይዛ በጋሽ ወልደሰንበት ራዲዮ መጠገኛ ሱቅ።)

አስናቁ፦ ተቃጥሏል ብለው ዝም አይበሉኝ እንጂ ጋሼ! ወዴት ልሂድ?

ጋሽ ወልደሰንበት፦ ትራንዚስተሯ ተጠብሳለች። ማነው የነካካው?

አስናቁ፦ ወንድሜ። አንድ እግሯ ለቆ ነበር፤ በደንብ ይያዝ ብሎ መበየጃውን ቆየት አደረገባት።

ጋሽ ወልደሰንበት፦ እኮ! እሳቱ በእግሯ ወጥቶ ሆዷን አነደደው። እኔ መበየጃ ሳስነካ በስመ አብ እላለሁ፣ አሜን ላይ አነሳለሁ። ወንድምሽ አቡነ ዘበሰማያትን ሙሉውን ደግሞባታል።

አስናቁ፦ ይቀልዱብኝ፣ ግድ የለም። እናቴ ግን በውሰት ሲሊንደር ነው የምትተነፍሰው፤ እሱም ለማታ አይደርስም። ሆስፒታሉ አልጋ የለም ብሎናል።

ጋሽ ወልደሰንበት፦ ምትኳ አለችኝ። አንዲት ብቻ።

አስናቁ፦ ተመስገን! ታዲያ ምን ይጠብቃሉ?

ጋሽ ወልደሰንበት፦ እጄን እዪው።

አስናቁ፦ ውይ! ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሚንቀጠቀጠው?

ጋሽ ወልደሰንበት፦ ከፋሲካ ወዲህ። ሰው እንዳያውቅብኝ ወፍራም ሽቦ ብቻ እቀጥላለሁ። ይቺን ከነካኋት እኔም እንደ ወንድምሽ ነኝ።

አስናቁ፦ ሌላ ሰው ይጥሩልኛ! በእመቤቴ!

ጋሽ ወልደሰንበት፦ የማምነው አንድ ሰው ነው፤ እሱም ለቅሶ ሄዷል። ነገ ይመጣል።

አስናቁ፦ ነገማ እናቴ የለችም!

ጋሽ ወልደሰንበት፦ ቀጭኑን ሹሩባ ትሠሪያለሽ?

አስናቁ፦ አሁን የሹሩባ ወሬ ነው? አዎ፣ እንደ ክር የቀጠነውን... ኧረ ጋሼ! ምን እያሰቡ ነው? በገዛ እጄ እናቴን ልግደል?

ጋሽ ወልደሰንበት፦ እኔ ብነካት ነው የምትሞተው። ቁጭ በይ። የምትኳን እግር ከሆዷ ጠጋ አድርገሽ በወረንጦ ያዥ፤ እሳቱን ወረንጦው ይጠጣልሻል። ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ሳታልፊ በረድ እስክትል ጠብቂ።

አስናቁ፦ ብቆይባትስ? ምላሴ ተሳስሯል፣ በስመ አብ ማለትም ጠፋኝ።

ጋሽ ወልደሰንበት፦ እጅ ያንቺ፣ አፍ የኔ። መበየጃውን አስነኪ!

አስናቁ፦ እናቴን አደራ... አስነካሁ!

ጋሽ ወልደሰንበት፦ በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን። አንሺ! አንሺ እንጂ! ጣትሽን ሆዷ ላይ አሳርፊ፤ ታቃጥላለች?

አስናቁ፦ አታቃጥልም... ለብ ብላ ነው ያለችው። ሁለት እግር ይቀረናል ጋሼ፤ አያልቅሱ፣ በስመ አብ ይበሉ!