ለድመቴ ያቀረብኩላት ሽሮ

አባቴ «አፍ ለሌለው እንስሳ ጌታው ይናገርለት» ይል ነበር። እኔ ግን ለድመቴ አፍ መሆን ሲገባኝ ቸኮልኩ። ስኳር አለባት፤ ጧትና ማታ ኢንሱሊን እወጋታለሁ። ሐኪሟ «መብላቷን ሳያዩ እንዳይወጓት» ብሎኛል። ጾም ነውና ቤቴ ሥጋ የለም። እንጀራ በሽሮ ፈትፍቼ አቀረብኩላት፤ ትበላዋለች ብዬ ወጋኋትና ጊዮርጊስን ልሳለም ሄድኩ።

ስመለስ ፍትፍቱ አልተነካም፣ እሷ ወድቃ ትንቀጠቀጣለች። ከጆሮዋ ደም ወስጄ ስኳሯን ብለካው ሠላሳ ሁለት፤ ሞት ደጃፍ ላይ ናት። በጋቢዬ ጠቅልዬ «ጌታ ሆይ፣ በእኔ ጥፋት አትውሰዳት» እያልኩ ሐኪሟ ጋ ላደርሳት ወደ ምኒልክ አደባባይ ሮጥኩ። ታክሲ የለም። ሰልፍ ላይ የቆመች ሴት «ምን ሆነች?» አለችኝ።

«ስኳሯ ወርዶ ነው።»

«እኔም አለብኝ» ብላ ለራሷ የያዘችውን ማር ከቦርሳዋ አወጣች፤ በጣቷ የድመቴን ድድ ቀባችላት። አቡነ ዘበሰማያት ደገምኩ። ሁለተኛውን ሳልጨርስ ድመቴ የሴትየዋን ጣት መላስ ጀመረች።

«ምን በልታ ነው የተወጋችው?»

«ሽሮ ሰጥቻት ነበር። ጾም አይደል?»

ሴትየዋ ጣቷን እየጠረገች አየችኝ።

«አባባ፣ ጾሙን እርስዎ ይጹሙላት። እሷ መርፌ ላይ ናት፣ ትብላ።»