መቼ ጀመራቸው?

ከራጉኤል በተሳፈርኩበት ታክሲ ውስጥ ወንድምና እህት ከፊቴ ተቀምጠው ይጨቃጨቃሉ።

«ዶክተሩ ምን አለህ?»

«ለመርሳት በሽታ ውጭ አገር አዲስ መርፌ እየሞከሩ ነው አለኝ።»

«ታዲያ አባባን እንላካቸዋ!»

«የሚቀበሉት ገና የጀመረውን ሰው ብቻ ነው። መቼ ጀመራቸው ብሎ ጠየቀኝ።»

«ምን አልከው?»

«ዘንድሮ።»

«ትዋሻለህ እንዴ? ከሦስት ዓመት በፊት በርበሬ በረንዳ ያለው የገዛ ሱቃቸው ጠፍቷቸው ጭድ ተራ ሲዞሩ አልተገኙም?»

«ያን ጊዜ ላሳክማቸው ስል፣ ነጋዴው ከሰማ ማን ያምናቸዋል ብለሽ የከለከልሽኝ አንቺ አይደለሽም?»

እህትየው ማልቀስ ጀመረች። መሀላቸው የተቀመጡት ሽማግሌ ትከሻዋን መታ መታ አደረጉ።

«አይዞሽ ልጄ። አባትሽ ናቸው የታመሙት?»

«አዎ፣ አባባ» አለች እጃቸውን ይዛ።

መውረጃዬ ደረሰ፤ «ወራጅ አለ» ማለት ግን አቃተኝ።